በሦስት ድርብ የዘይት ቀለም የተሸፈነ የዋንዛ ብፌ፦ የአንድ እድሳት የጉዳይ ጥናት

ዕቃው እና ታሪኩ

ጉዳዩ አዲስ አበባ ውስጥ አንድን ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ ያገለገለ ብፌን ይመለከታል። ርዝመቱ 150፣ ጥልቀቱ 48፣ ቁመቱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ ሦስት መሳቢያ፣ ከታች ሦስት በር አለው። አካሉ ድፍን ዋንዛ ሲሆን ጀርባው ብቻ ኮምፔንሳቶ ነው። መሳቢያዎቹ ማዕዘናቸው ላይ በእጅ በተቆረጡ ጥርሶች የተቆላለፉ ናቸው፤ አንድም ሚስማር የለባቸውም። እጀታዎቹና ማጠፊያዎቹ ነሐስ ናቸው።

የብፌው ባለቤት በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ እናት ናቸው፤ ብፌውን ከአባታቸው ወርሰውታል። በልጅነታቸው ያዩት የነበረው ፊት እስኪያሳይ የሚያበራ ቡናማ ነበር። በኋላ ግን ቤቱ በታደሰ ቁጥር ብፌውም አብሮ ተቀባ፤ መጀመሪያ ክሬም፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ነጭ። ሦስቱም የዘይት ቀለም ናቸው። የብፌው ባለቤት የጠየቁት ዕቃው ወደ አባታቸው ጊዜ መልኩ እንዲመለስ ነበር። ሥራውን አንድ አናጺ እና አንድ የፖሊሽ ባለሙያ ተቀበሉት።

ዕቃው ድካም የሚገባው ለቤተሰቡ ካለው ትርጉም የተነሳ ብቻ አይደለም። ዋንዛ ለሥራ የተመቸ፣ ቀለል ያለና ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው። በዚህ ስፋት ያለ አንድ ወጥ ሳንቃ ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱም ዋንዛ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። ስለዚህ የተበላሸውን በር ጥሎ አዲስ መሥራት ቀላል አማራጭ አልነበረም።

ቀድሞ የተሞከረው

ብፌው ወደ ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት አንድ የቤተሰቡ አባል የግራውን በር አውልቆ በኮስቲክ ሶዳ ለማስለቀቅ ሞክሮ ነበር። ሶዳውን በባልዲ ውሃ በጥብጦ በሩ ላይ አፈሰሰ፤ ቀለሙ ሲለቅ በጎማ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ አቆመው። ቀለሙ በእርግጥ ወረደ፤ በሩ ግን ከሌሎቹ በሁለት እርከን ጠቆረ፣ ገጽታው እንደ ጨርቅ ሻከረ፣ የማዕዘን መጋጠሚያዎቹ ተከፈቱ፣ መሀል ያለው ሳንቃም ጎበጠ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ቀለሙን ብቻ አይበላም፤ ከእንጨቱ ንጥረ ነገሮች ጋርም ተዋህዶ ያጠቁረዋል፣ ለስላሳውን ቃጫ ያቀልጣል። ሁለተኛው ውሃው ነው። የድሮ ዕቃ የተያያዘው ከቆዳና ከአጥንት በሚሠራ ኮላ ነው፤ ይህ ኮላ ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ይፈታል። በጎማ የታጠበ በር ፀሐይ ላይ ሲውል በአንድ ፊቱ ቶሎ ይደርቃል፣ በሌላው እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ መጉበጡ የመጣው ከዚህ ነው። ዕቃውን ሙሉውን በኮስቲክ ገንዳ የሚነክሩ ሰዎች አሉ። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ለበርና መስኮት ፍሬም ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነት ብፌ ግን ጥፋት ነው።

ሌላው የተለመደ መንገድ በግራይንደር ላይ የብርጭቆ ወረቀት ገጥሞ መላግ ነው። ባለሙያዎቹ ይህንንም አልፈለጉትም። ሰባ ዓመት በብርሃንና በእጅ የጠለቀው የዋንዛ ቀለም ከገጹ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። እሱን ከላጉት ከሥር የሚወጣው ትናንት ከመጋዝ የወጣ የሚመስል ነጣ ያለ እንጨት ነው፤ የዕቃው ዕድሜ በአቧራ ተጠርጎ ይሄዳል። በዚያ ላይ አቧራው ራሱ አደገኛ ነበር፤ ከታች እንመለስበታለን።

ከመንካት በፊት የተደረገው ምርመራ

መጀመሪያ የተጠየቀው «ቀለሙን በምን እናስለቅቀው?» ሳይሆን «ከቀለሙ ሥር ምን አለ?» የሚለው ነበር። በመሳቢያው ሥር እና በመሀለኛው በር የውስጥ ጠርዝ ላይ ቀለም ያልደረሰበት ጥቂት ቦታ ተገኘ። እዚያ ላይ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ለግማሽ ደቂቃ ሲያዝ ቡናማው ሽፋን ተጣበቀ፣ ጥጡም ቡናማ ሆነ። ይህ ምልክት ጎማ ላካ (ሼላክ የሚባለው የድሮ የፖሊሽ ሙጫ) ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው፤ አልኮል የሚያሟሟው እሱን ነው። አልኮል ምንም ሳያደርገው ናይትሮ ቲነር ቢያቀልጠው ኖሮ ላከር ይሆን ነበር፤ ሁለቱም ባይነኩት ደግሞ የዘይት ቬርኒሽ ወይም ከዚያ የጠነከረ ነገር ነው።

ይህ ግኝት ሥራውን ሁሉ ቀየረው። ጎማ ላካ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይለሰልሳል። የመጀመሪያው ክሬም ቀለም የተቀባው በጎማ ላካው ላይ ከሆነ ቀለሙ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ አልገባም ማለት ነው፤ ሥሩ ያለው ሽፋን ሲለሰልስ ሦስቱም ድርብ ቀለም አብሮ ይነሳል። ይህን ለማየት በስለት ትንሽ የደረጃ ቁርጥ ተሠራ፤ ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ክሬሙ፣ ከዚያም ቀጭን ቡናማ መስመር፣ በመጨረሻ እንጨቱ በየተራ ታዩ። በአናቱ፣ በጎኖቹ፣ በመሀለኛው በርና በመሳቢያዎቹ ፊት ቡናማው መስመር ነበረ። በቀኙ በር ላይ ግን አልነበረም። የቀኙ በር ቁልፍ ያለው ነው፤ ቁልፉ ሲጠገን በሩ ተልጎ በቀጥታ እንደተቀባ ከዚህ ታወቀ።

ስለዚህ ከአንድ ዕቃ ላይ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ወጡ፦ ጎማ ላካው ያለበት አካል፣ ተልጎ የተቀባው የቀኝ በር፣ እና በኮስቲክ የተበላው የግራ በር።

እርሳስ

የድሮ የዘይት ቀለም ሲነሳ ቀዳሚው ጥያቄ በቀለሙ ውስጥ ያለው መርዛማ ብረት፣ እርሳስ ነው። በአሜሪካ ለቤት የሚሸጥ ቀለም ላይ ገደብ የተጣለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስናለች። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ተቆጥሮ ቢያዝ ይሻላል።

እርሳስ ሲነካ የሚቀላው የመመርመሪያ ዘንግ የመጣው አሜሪካ ካለች የባለቤቷ ልጅ ነው። ዘንጉ በደረጃ ቁርጡ ላይ ሲታሽ ክሬሙ ላይ ወዲያው ቀላ። አረንጓዴው ላይ ለጥቂት ሰዓታት ምንም አላሳየም፤ በማግስቱ ሲታይ ግን እዚያም ሮዝ ምልክት ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው፦ የድሮ አረንጓዴ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚሠራው እርሳስ ያለበትን ቢጫ፣ ሊድ ክሮሜትን፣ ከሰማያዊ ጋር በማደባለቅ ነው፤ ከክሮሜት የሚወጣ እርሳስ ደግሞ ለምርመራው ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው። «አልቀላም» ብሎ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መደምደም ስህተት ላይ ይጥላል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር ተከለከለ፦ በደረቁ መላግ፣ በእሳት ነበልባል ማቃጠል እና ሥራውን ቤት ውስጥ መሥራት። ብፌው ግቢ ውስጥ ባለ ክፍት መጠለያ ሥር ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎለት ተቀመጠ። የተፋቀው ቀለም በየሰዓቱ እየተሰበሰበ በድርብ ፌስታል ታሰረ፤ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ተወለወለ። የቤቱ የልጅ ልጆች ወደ መጠለያው እንዳይቀርቡ ተደረገ፤ እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ልጆችን ነው። ሠራተኞቹ የአቧራ ማጣሪያ ማስክ ያደርጉ ነበር፤ ምግብ ከመንካታቸው በፊት ይታጠባሉ፣ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ቤት አይገቡም። ቀለም የነካው ቁርጥራጭ እንጨትና ሰጋቱራ ለማገዶ አልተሰጠም፤ ምድጃ ላይ የነደደ የእርሳስ ቀለም ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፤ አመዱ ደግሞ መጨረሻው የጓሮው ጎመን ላይ ነው።

ማስለቀቅ

በሮቹና መሳቢያዎቹ ወጥተው እያንዳንዱ ብሎንና ማጠፊያ የመጣበት ቦታ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ገባ። ይህ ጥቃቅን ቢመስልም፣ በእጅ በተሠራ ዕቃ ላይ አንዱ ማጠፊያ የሌላውን ቦታ አይገጥምም። ቀለም የሞላው የብሎን አናት መጀመሪያ በሹል ሚስማር ተጠረገ፤ እምቢ ያሉት በብየዳ እርሳስ ማቅለጫ ካውያ ለአንድ ደቂቃ ተሞቁ፤ ብረቱ ሲሰፋ ዙሪያው ያለው ቀለምና ዝገት ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝም ብሎኑ ይዞራል።

ጎማ ላካው ባለበት አካል ላይ የተመረጠው ሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ነው፤ በ250 ዲግሪ ላይ ተደርጎ፣ አፉ ከገጹ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደንብ በእርሳስ ቀለም ላይ ከ593 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ሂት ጋን መጠቀም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም እርሳሱ ወደ እንፋሎትነት ስለሚቀየር ነው። እዚህ ግን ጎማ ላካው ስለሚተባበር ያን ያህል ሙቀት ጭራሽ አያስፈልግም። ሙቀቱ በአንድ ቦታ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይሰጣል፤ ቀለሙ ሲያብጥ ሳይሆን ጠርዙ ሲላላ ስፓቱላው ይገባል። ቀለሙ እስኪጨስ ከተጠበቀ አልፏል። የስፓቱላው ማዕዘኖች በሞረድ ተድቦልቡለው ነበር፤ ሹል ማዕዘን ለስላሳውን ዋንዛ ይቧጥጣል፣ ያ ጭረት ደግሞ በኋላ ፖሊሹ ሲያበራ ይጋለጣል።

በአናቱ ላይ ቀለሙ እንደ ቆዳ በእጅ ርዝመት ተላጠ። ከሥሩ የቀረው ቀጭን፣ ሚዛናዊ ያልሆነ የቡናማ ጎማ ላካ ሽፋን ነበር። ሙቀት በሚሠራበት ጊዜ አልኮልና ቲነር ከመጠለያው ውጪ ይቀመጡ ነበር፤ አንድ ባልዲ ውሃም በእጅ ቅርብ ነበር፤ በጀርባው ኮምፔንሳቶና በአካሉ መሀል የተከማቸ የድሮ አቧራ በሙቅ አየር ሊቀጣጠል ይችላል።

በጠርዙ ዙሪያ ያለው የተጠማዘዘ ጌጥ በስፓቱላ አይደረስበትም። እዚያ ላይ የተቀባው ጄል መሰል የቀለም ማስለቀቂያ ነው። ግዢው ላይ ጥንቃቄ ተደርጓል፦ በቆርቆሮው ላይ ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የሚል ቢጻፍ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። ይህ ፈሳሽ ፈጣን ነው፤ ግን እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል፤ በአሜሪካም በ2019 እ.ኤ.አ. ለተራ ሸማች በቀለም ማስለቀቂያነት እንዳይሸጥ ተከልክሏል። የተመረጠው እሱ የሌለበት ነው። ዘገምተኛ ነው፤ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቀብቶ በላስቲክ ተሸፍኖ ለአንድ ሰዓት ካልቆየ አይሠራም። ሲለሰልስ ሰጋቱራ እፍኝ እፍኝ ተበትኖ በጠንካራ የናይለን ብሩሽ ታሸ፤ ሰጋቱራው ዝቃጩን ጠጥቶ ከጌጡ ውስጥ እያንከባለለ ያወጣዋል። የሽቦ ብሩሽ ዋንዛ ላይ አይነካም፤ ለስላሳውን ክፍል ቦርቡሮ ጠንካራውን ያስቀራል።

የቀረው ጎማ ላካ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ተሟሙቶ ወጣ። እዚህ ላይ ሥራው ቆመ። የብርጭቆ ወረቀት የነካው ሻካራ ሆነው የቀሩትን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ እሱም 240 ቁጥር፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) እየረጠበ፣ በእንጨቱ አቅጣጫ።

ተልጎ የተቀባው የቀኝ በር

ይህ በር ከሁሉ አድካሚው ነበር። ዋንዛ ቀዳዳው በዓይን የሚታይ እንጨት ነው፤ ክሬሙ ቀለም በቀጥታ ስለተቀባ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሞልቶታል። ገጹ ከጸዳ በኋላም በሩ ነጫጭ ሰረዝ የተጫረበት ይመስል ነበር። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ መላጊያ ይሄዳል፤ ቀለሙ ግን ጥልቅ ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ተልጎም አያልቅም።

መፍትሔው የጠፋውን ሽፋን መልሶ መስጠት ነው። በአንድ ሊትር አልኮል 240 ግራም ጎማ ላካ ተሟሙቶ በሩ ላይ በብዛት ተቀባ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደረቀ። ጎማ ላካው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከቀለሙ ቅንጣት ጋር ይያያዛል። በማግስቱ ጄሉ ከላይ ተቀብቶ ሲቆይ ጎማ ላካው ያብጥና ቀለሙን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በናይለን ብሩሽ በእንጨቱ አቅጣጫ ሲታሽም ነጩ ሰረዝ ይቀንሳል። ይህ ሲደጋገም በሩ ጸዳ፤ ዓይን ሲጠጋ ብቻ የሚታይ ጥቂት ክሬም ግን ቀረ። እሱ በመጨረሻው ፖሊሽ ሥር በቀጭን ብሩሽና በቡናማ ዱቄት ቀለም ተሸፈነ። መቶ በመቶ ለማውጣት መታገል እንጨቱን ይጎዳው ነበር፤ እዚህ ላይ መቆማቸው ትክክል ነው።

በኮስቲክ የጠቆረው የግራ በር

በሩ አሲድነትንና አልካሊነትን በሚያሳይ የረጠበ የፒኤች ወረቀት ሲለካ ከታጠበ ከወራት በኋላም 10 አሳየ። አልካሊው ከውስጥ አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ዘይት ወይም ቬርኒሽ ቢቀባ ከአልካሊው ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል፤ አይደርቅም፣ ይላጣል። ከእኩል ውሃ ጋር የተቀላቀለ አቼቶ በስፖንጅ ተቀባ፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ ተጠረገ፤ ወረቀቱ 7 (አሲድም አልካሊም ያልሆነ) እስኪያሳይ ይኸው ተደጋገመ። በዚህ ሥራ ላይ የብረት ሱፍ አይያዝም፤ የብረት ብናኝ ከአሲድና በእንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ይተዋል።

ማድረቁ በግምት አልተሠራም። በሩ ጥላ ሥር በሁለት ቀጭን ጣውላዎች ላይ ተጋድሞ በየሦስት ቀኑ በሚዛን ይመዘን ነበር፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የጎበጠው ሳንቃም በእኩል ሲደርቅ አብዛኛውን ራሱ ተመለሰ።

ለጥቁረቱ ኦክዛሊክ አሲድ ተሞከረ፤ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 60 ግራም፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ። በማጠፊያው ብሎኖች ዙሪያ የነበረውን የዝገት ጥቁረት ሙሉ በሙሉ አነሳ፤ የበሩን አጠቃላይ ጥቁረት ግን በከፊል ብቻ ነው የቀነሰው። አናጺው ለባለቤቷ በግልጽ ነገራቸው፦ «እማማ፣ ይቺን ጥቁረት ጨርሼ ላጥፋት ብል በሩን እጨርሰዋለሁ። ፖሊሹ ያቀራርባታል እንጂ አንድ አያደርጋትም።» እሳቸውም በዚሁ ተስማሙ። ሌሎቹን ሁለት በሮች በቀለም አጥቁሮ ከግራው ጋር ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ሁለት ጤነኛ በር በአንድ በሽተኛ ምክንያት ማበላሸት ግን ተገቢ አልነበረም።

ነሐሱና መጋጠሚያዎቹ

እጀታዎቹና ማጠፊያዎቹ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ትኩስ ውሃ ውስጥ በአሮጌ ድስት አደሩ፤ ጠዋት ቀለሙ በጣት ተላጠ። ድስቱ ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይውልም። ነሐሱ መስታወት እስኪሆን አልተወለወለም፤ በደረቅ ጨርቅና በሰም ብቻ ታሸ።

የተከፈቱት መጋጠሚያዎች ላይ ነጭ ኮላ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ግን ነጭ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም፤ ቀጣዩ ጠጋኝም ሊፈታው አይችልም። የድሮው ኮላ በሙቅ ውሃና በትንሽ አቼቶ ታጥቦ ወጣ። በአዲስ የቆዳ ኮላ ተተካ፦ አንድ እጅ ፍሬ በሁለት እጅ ውሃ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በውሃ ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሞቆ። ከፈላ ጥንካሬውን ያጣል። በሞርሳ ተጨምቆ አደረ። የሳንቃው ዙሪያ ግን ኮላ አልነካውም፤ ሳንቃው በክፈፉ ውስጥ ከክረምት ወደ በጋ መላወስ አለበት፤ ከተጣበቀ ይሰነጠቃል። የመሳቢያዎቹ መንሸራተቻ በተራ ሻማ ታሸ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ፖሊሹ

ማስለቀቁ ሐምሌ ውስጥ ነው ያለቀው። ባለቤቷ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልገው ስለነበር በቁራጭ ጣውላ ላይ የሚረጭ ላከር ተሞከረ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በክረምቱ እርጥብ አየር ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ከላከሩ ሥር ይቀራል። ጎማ ላካም በእንዲህ ያለ ቀን ይነጣል። ስለዚህ ፖሊሹ ለጥቅምት ተላለፈ፤ ይህ ውሳኔ ለውጤቱ ከማንኛውም ጥበብ በላይ ጠቅሟል።

ደረቁ ጎማ ላካ አሜሪካ ባለችው ልጅ ሻንጣ መጣ፤ አልኮሉ ግን እዚሁ ተገዛ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን አይጫንም። አልኮሉ ከ95 በመቶ በታች መሆን የለበትም። በአረቄ የሚያሟሙ አሉ፤ በአረቄ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ፖሊሹን ያነጣዋል። ለአካሉ 120 ግራም በሊትር የሆነ ቀጭን ውህድ ተዘጋጅቶ አንድ ቀን ቆይቶ በጨርቅ ተጠለለ። ውህዱ ከስድስት ወር በላይ ሲቀመጥ መጠንከር ያቆማል፤ ለመፈተን አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ በማግስቱም በጥፍር የሚጎደጉድ ከሆነ ይደፋል።

መቀቢያው የእንቁላል መጠን ያለው የጥጥ ቋጠሮ ነው፤ በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ሥሩ ያለ አንዳች እጥፋት። ውህዱ ከላይ ሳይሆን ከጥጡ ውስጥ ይጨመራል። ቋጠሮው ገጹ ላይ እንደ አውሮፕላን እያረፈና እየተነሳ ያልፋል፤ አንዴ ከቆመ የሥሩን ሽፋን አሟሙቶ ጨርቁን ያጣብቀዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች በኋላ የዋንዛውን ቀዳዳ ለመሙላት በጣም የደቀቀ የፑሚስ ዱቄት በትንሹ ተነሰነሰ፤ ቋጠሮው እንዳይዝ ደግሞ አንድ ጠብታ ዘይት በጣት ተነካ። እንዲህ እየተባለ አራት ዙር ተሠራ፤ በየዙሩ መካከል አንድ ቀን ዕረፍት ነበር። የተመረጠው ጎማ ላካ ጠቆር ያለው ዓይነት ነው፤ በግራው በርና በሌሎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠበበው እሱ ነው።

የብፌው አናት ለብቻው ታሰበ። ጀበና፣ ትኩስ ሲኒ፣ የፈሰሰ መጠጥ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ጎማ ላካ ለሙቀትም ለአልኮልም አይችልም። አናቱ ላይ የዘይት ቬርኒሽ ከእኩል አኳራጅ ጋር ተቀጥኖ በጨርቅ ተቀባ። የመጀመሪያው ሽፋን በአንዱ ጥግ የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ በሦስተኛው ቀንም አልደረቀም። ምክንያቱ ተገኘ፦ ጄሉ እንዳይደርቅ ሰም ይጨመርበታል፤ በዚያ ጥግ ጌጡን ለማስለቀቅ የተቀባው ጄል ወደ አናቱ ፈስሶ ሰሙ ቀርቷል። ያልደረቀው ተጠርጎ ቦታው በአኳራጅ፣ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ ታጠበ። ከዚያ መላው አናት ሰሙ በወጣለት ጎማ ላካ አንዴ ተቀብቶ ቬርኒሹ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሰሙ ባልወጣለት ጎማ ላካ ላይ ቬርኒሽ አይዝም። አራት ሽፋን በቂ ነበር። የቬርኒሽ ጨርቆቹ በክምር አልተጣሉም፤ ሲደርቁ ራሳቸውን አሙቀው ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ አንድ በአንድ ሽቦ ላይ ተሰጡ።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ዕቃ የሚወሰድ

የመጀመሪያው ከቀለሙ በፊት የነበረውን ሽፋን መፈለግ ነው። ጥጥና አልኮል ይዞ በመሳቢያ ሥር ግማሽ ደቂቃ ማሳለፍ የሳምንት ልፋት ያድናል። አንድ ዕቃ ሁሉ ቦታው አንድ ዓይነት ነው ብሎ መነሳትም አይገባም፤ ጠጋኝ የነካው በር፣ የተቀየረ እግር፣ በኋላ የገባ ሳንቃ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ የደረጃው ቁርጥ በእያንዳንዱ ላይ ይደረግ።

እርሳስ ያለበት ቀለም በእርጥብና በዝቅተኛ ሙቀት እንጂ በአቧራ አይነሳም። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ግቢ ሥራው ሌላ ቦታ ይሠራ። ማስለቀቂያ የነካው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ቢመስልም በአኳራጅ ይታጠብ፤ ፖሊሽ አልደርቅ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማይታየው ሰም ነው።

ኮስቲክ የነካው ዕቃ በእጃችሁ ካለ ከማናቸውም ቀለም በፊት ፒኤችውን ለኩ። ጥቁረቱን በከፊል ተቀበሉት፤ ለባለቤቱም ከሥራው በፊት እንጂ ሲያልቅ አትንገሩ።

ብፌው ከተመለሰ በኋላ በቀጣዩ ነሐሴ መሀለኛው መሳቢያ ማጣበቅ ጀምሮ ነበር። አናጺው መላጊያ አላነሳበትም፤ መንሸራተቻውን በሻማ ብቻ አሽቶ ተወው፤ ኅዳር ላይ መሳቢያው እንደ ቀድሞው ተንሸራተተ። በክረምት የተላገ መሳቢያ በበጋ ይንገዳገዳል፤ የሚያጣብቅ መሳቢያ በበጋም ካጣበቀ ብቻ ነው የሚላገው።